ከጮቄ እስከ ቤዛዊት፦ የጎጃምን የሌሊት ሰማይ ፎቶ ማንሣት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

የጉዞውን ቀን የቆረጠችልኝ ጨረቃ ናት። ሰኞ ታኅሣሥ 5 ጨረቃ ከሰማይ ትጠፋለች። በየዓመቱ ከሚታዩት የተወርዋሪ ከዋክብት ወቅቶች አንዱና ብርቱው ጀሚኒድም ከእሑድ ለሰኞ በሚያነጋው ሌሊት ይደምቃል። በሳምንቱ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ጁፒተርና ሳተርን እ.ኤ.አ. ከ1623 ወዲህ ባልታየ ቅርበት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዚያ ላይ ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የጎጃም ክረምት ካለፈ ቆይቷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። የሌሊት ፎቶ ሊማር ለተነሣ ጀማሪ ይህን የመሰለ ሳምንት በቀላሉ አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥተን ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ወረድን። ሸለቆው በቀን ያስደምማል፤ ለሌሊት ፎቶ ግን አልመርጠውም። ግራና ቀኝ ያለው ገደል ዝቅ ብለው የሚወጡትን ከዋክብት ይጋርዳል፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ዙሪያው የተከፈተ ከፍታ ነው። ደጀን ወጣን፣ ከዚያ ጤፉ ታጭዶ የተከመረበትን ሜዳ እያየን ማርቆስ ገባን።

ይዤ የመጣሁት ዕቃ ጥቂት ነው፦ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ካኖን ካሜራ፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለፕላኔቶቹ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌላ ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድ፣ በገመድ የሚሠራ የመዝጊያ ማዘዣ፣ ሦስት የካሜራ ባትሪዎችና ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር መብራት። ገንዘብ አውጥቶ አንድ ነገር ብቻ ሊገዛ የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ትራይፖዱን እለዋለሁ። ሌንስ ቢደክም ፎቶው ይደበዝዛል እንጂ ይገኛል፤ ትራይፖድ ከተንቀጠቀጠ ግን ምንም አይገኝም።

ማታ በሆቴሉ ሰገነት ላይ ሆኜ የካሜራውን ቁልፎች ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ እስካገኛቸው ድረስ ደጋገምኩ። የከተማው መብራት ሰማዩን ብርቱካንማ አድርጎታል። ማርስ ብቻ ከፍ ብላ ቀልታ ትታያለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4፣ ጮቄ

ከማርቆስ በሮብ ገበያ አድርገን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ባሕር ዛፉ እየሳሳ የገብሱና የድንቹ ማሳ ይተካዋል፤ ከዚያም በላይ አስታው፣ ጓሳውና ጅብራው ይመጣል። ጮቄ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከጉያው የሚፈልቁት ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው ሁሉም ለዓባይ ይገብራሉ። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ሌላ ጸጋ አለው፦ አየሩ ስስ ነው፣ አቧራና ጢስ ከታች ይቀራል፣ የቅርብ ከተማ መብራትም ከጋራው ማዶ ተሸሽጓል።

ከሁሉ አስቀድሜ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አግኝቼ ሌሊት የት እንደምቆምና ምን እንደምሠራ ነገርኩ። በጨለማ ተራራ ላይ መብራት ሲንቀሳቀስ ያየ ጎረቤት ቢደነግጥ እውነት አለው። ካሜራ ከማውጣት በፊት ማስታወቅ የጀማሪ የመጀመሪያ ግዴታ ይመስለኛል። ሊቀ መንበሩ ከሸንተረሩ ሥር ካሉ አባወራ ዘንድ አሳረፉኝ። ልጃቸውም ዱላውን ይዞ አብሮኝ ሊያድር ተስማማ።

«ልጄ፣ በቀን ይህ ሁሉ አገር እያለልህ ሌሊት ምን ልታነሣ ነው?» አሉኝ አባወራው።

«ከዋክብቱን ነው፣ አባቴ።»

«ከዋክብቱንማ እኛም ስናያቸው እንኖራለን። እስቲ ካሜራህ ከኛ የበለጠ ምን እንደሚያይ አሳየን።»

ጾም ስለሆነ ሽሮ በድንች ቀረበ፤ ቡናው በገብስ ቆሎ ተጠጣ። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ጠለቀች። ሰማዩ ፈጽሞ የጨለመው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። ዐይንም ጨለማውን ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ ነጭ መብራት ከበራ ያ ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ይሆናል። ቀዩን መብራት የያዝኩት ለዚህ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሌንሱን ወደ 18 ሚሊ ሜትር አስፍቼ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ኤፍ 3.5 ከፈትኩ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 ላይ አደረግሁ። የመዝጊያውን ጊዜ የሚወስነው የምድር መሽከርከር ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራልና መዝጊያው ብዙ ከቆየ ኮከቡ ነጥብነቱ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። ለዚህ የቆየ ስሌት አለ፦ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል። የኔ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ) ትንሽ ስለሆነ 18ን በ1.6 አባዝቼ 28.8 አገኘሁ፤ 500 ለዚያ ሲካፈል 17 ሰከንድ ይሆናል። እኔ 15 ላይ አቆምኩት።

ከባዱ ሥራ ፎከሱ ነው። ካሜራው በጨለማ ራሱን ችሎ አያተኩርም። የሌንሱን ማተኮሪያ ከራስ ሰር ወደ እጅ ቀይሬ አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አሥር እጥፍ አጉልቼ፣ ኮከቡ ከመርፌ ጫፍ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አሰርኩት። የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ አጠፋሁ፤ ትራይፖድ ላይ ሲሆን ራሱ መንቀጥቀጥ ያመጣልና። የፋይሉን ዓይነት ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላረመው ጥሬ ፋይል፣ አደረግሁ፤ በኋላ ቀለሙንና ብርሃኑን ለማረም ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ አባወራው ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው ከጎኔ ቆመው ነበር። የራሳቸው ሸንተረር፣ የአስታው ዛፍ፣ በላዩም በዐይን ከሚታየው እጅግ የበዛ ኮከብ ስክሪኑን ሞላው። ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ። «ይህ ሁሉ ከቤቴ በላይ ነበር?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ባለቤታቸውን ጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከመምጣቴ በፊት ያነበብኳቸውና ያየኋቸው መማሪያዎች ሁሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰማይ ሥር የተዘጋጁ ናቸው። በእነሱ ዘንድ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እግሩ አድማስ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለፎቶ ይመቻል። ጎጃም ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚህ ኦሪዮን ከምሥራቅ በጎኑ ተጋድሞ ይወጣል፤ የመቀነቱ ሦስት ከዋክብት አንዱ በአንዱ ላይ ተሰድረው ይቆማሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣና እኩለ ሌሊት ላይ አናታችን ላይ ይደርሳል። አናት ላይ የደረሰን ኮከብ ከተራራ ጋር በአንድ ፎቶ ማግባት አይቻልም። ስለዚህ ጮቄንና ኦሪዮንን አብሮ ለማንሣት ጊዜው ከማታ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ብቻ ነው። ካሜራውን በቁሙ አዙሬ እነዚያን ሰዓታት በሙሉ ለእሱ ሰጠሁ። መማሪያው የሌላ አገር ሰው ሰማይ ነው፤ ቁልፉንና ቁጥሩን ከእሱ ወስደን ሰማዩን ራሱን ግን ከራሳችን ሜዳ ላይ ሆነን መማር አለብን።

ከ4 ሰዓት በኋላ ፊቴን ወደ ተወርዋሪዎቹ መለስኩ። የጀሚኒድ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1983 የተገኘችው ፋኤቶን የተባለች አስትሮይድ ናት፤ ምድር የእሷን ትቢያ በየታኅሣሡ ታቋርጣለች። ተወርዋሪዎቹ ካስተር ከተባለው ኮከብ አቅራቢያ የሚፈልቁ ይመስላሉ። ካሜራውን ግን ቀጥታ ወደዚያ አላዞርኩትም፤ እዚያ ላይ ሰረዛቸው አጭር ነው። ወደ ጎን አርባ ዲግሪ ያህል አርቄ ማዘዣውን ቆለፍኩት፤ ካሜራውም 15 ሰከንድ እያነሣ ያለ ዕረፍት ቀጠለ። አብዛኛው ፎቶ ባዶ ነው። ከዚያ ድንገት አንድ አረንጓዴ መስመር ሸንተረሩን ሰንጥቆ ያልፋል።

«እኛ አንድ ሰው ዐረፈ እንላለን» አለኝ ልጁ በዝግታ። ሌሊቱ ሲገፋና ሲበዙበት ጊዜ ዝም አለ። በኋላም «ጋሼ፣ ይህን ያህል ሰውስ አይሞትም» ሲል ስለ ትቢያዋ አስትሮይድ ነገርኩት። ቅንጣቶቹ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጡ ስነግረው ከዚህ ማርቆስ ስንት ጊዜ ደርሰው እንደሚመለሱ ያሰላ ጀመር።

ብርዱ አጥንት ይገባል። ሣሩ ላይ አመዳይ ጣለ። ብርድ የካሜራ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ትርፎቹን በውስጥ ኪሴ ከሰውነቴ ጋር አድርጌ እያሞቅሁ አፈራረቅኋቸው። 11 ሰዓት ገደማ የአጥቢያ ኮከብ በምሥራቅ ብቅ ስትል፣ በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብ ቆሞ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሜን ባዞር የሰሜን ኮከብ አለች። በአውሮፓ ተቀምጦ መስቀሉን፣ በአውስትራሊያ ተቀምጦ የሰሜን ኮከብን ማየት አይቻልም። ከጮቄ ሸንተረር ሁለቱም ይታያሉ። ይህን እስከዚያ ሌሊት ድረስ በቁጥር ብቻ ነበር የማውቀው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5፣ ጮቄ

ቀኑን ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ ቆሜ አየሁ።

የዛሬው ሌሊት ሥራ የከዋክብትን ዙሪት ማንሣት ነው። መማሪያው «የሰሜን ኮከብን ሰማይ መካከል ላይ አድርግና በዙሪያዋ ክቦች ይሠራሉ» ይላል። እዚህ የሰሜን ኮከብ የምትገኘው ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ብቻ ነው። ክንድ ዘርግቶ ቡጢ ቢጨብጡ ስፋቱ አሥር ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ከአድማሱ አንድ ቡጢ ከፍ ብላ ትገኛለች። አንድ ጉብታ ወይም አንድ ባሕር ዛፍ ሊጋርዳት ይችላል። በቀን ብርሃን ከልጁ ጋር ሸንተረሩን ዞረን ወደ ሰሜን ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቦታ መረጥን።

መዝጊያውን 30 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን 800 አድርጌ በመካከሉ የአንድ ሰከንድ ዕረፍት እየሰጠሁ ለሁለት ሰዓት ለቀቅሁት፤ ከ200 በላይ ፎቶ ይሆናል። አንዱን ሰዓት የፈጀ ነጠላ ፎቶ ከማንሣት ይህ ይሻላል። ሰው የእጅ ባትሪ አብርቶ ቢያልፍ የሚበላሸው አንዱ ፎቶ ብቻ ነው፤ የተቀረው በኮምፒውተር ይደራረባል። ለዚህ ስታርስታክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

በስክሪኑ ላይ እንደታየው ክቦቹ እዚህ ሙሉ አይሆኑም። ከሰሜን ኮከብ ዙሪያ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ሳይጠልቁ ይዞራሉ፤ ሌሎቹ ቅስት ሠርተው ጋራው ውስጥ ይገባሉ። ካሲዮፒያ የተባለችው የከዋክብት ስብስብ ከላይ ትልቁን ቅስት ሠራች። ከዚያ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል አነሣሁ፤ እዚያ ደግሞ መስመሮቹ እንደ ድርና ማግ ቀጥ ብለው ከምድር ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ ቀጥታ አወጣጥ የምድር ወገብ አቅራቢያ አገሮች ሀብት ነው። ከክቡ ይልቅ ይህኛው ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6፣ ከጮቄ እንጅባራ

ወርደን፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርገን ረጅም መንገድ ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ ከአንድ መሪጌታ ጎን ተቀመጥኩ። የጨረቃን ነገር ሳነሣ ባሕረ ሐሳቡን በቃላቸው አወረዱት፦ የዘንድሮው አበቅቴ 17፣ መጥቅዑ 13፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ተገናኝተው ዑደታቸውን እንደሚጀምሩም ነገሩኝ።

«ታዲያ መሪጌታ፣ ጨለማዋን ሌሊት በቀመሩ ላገኛት እችላለሁ?»

«ቀመሩ በዓላትንና አጽዋማትን ለማግኘት ነው፣ ልጄ። ጨረቃዋን ለማየትማ ደጅ ውጣ።»

ነገሩ እውነት ነው። የ19 ዓመቱ ዑደት በሰዓት ተኩል ያህል ስለሚዛነፍ በየ300 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ይጠራቀማል። ዛሬ በቀመሩ የጨረቃ ቀንና በሰማይዋ ጨረቃ መካከል የቀናት ልዩነት አለ። ስቴላሪየም የተባለው ነፃ መተግበሪያ የጨረቃን መውጫና መጥለቂያ ለየትኛውም ቦታ በደቂቃ ይነግራል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7፣ ዘንገና

ዘንገና ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ በእሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ክብ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ቁልቁል ነው፣ ዙሪያውም በዛፍ ተከቧል። የመረጥኩት የጉድጓዱ ግድግዳ ነፋስ ስለሚከለክል ነው፤ ከዋክብት በውኃ ላይ የሚታዩት ውኃው ዝም ሲል ብቻ ነው።

ፀሐይ እንደጠለቀች የሁለት ቀን ጨረቃ በምዕራብ ታየች። በኛ አገር አዲስ ጨረቃ ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ነው የምትታየው። ከበላይዋ ጁፒተርና ሳተርን ተቀራርበው ነበር። በአይኤስኦ 800 አንድ ሰከንድ ሳነሣት ያልበራው ጎኗም ፈዝዞ ወጣ፤ ያ ብርሃን ከምድራችን አንጸባርቆ እሷ ላይ ያረፈ ነው። ይህን ለማንሣት የሚሻለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ።

ከዚያ በስተ ምዕራብ ዳርቻ ወርጄ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ኦሪዮንን ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ከዛፎቹ በላይ ወጣ፤ ውኃው ውስጥም ሁለተኛው ኦሪዮን ቁልቁል ተዘቅዝቆ ታየ። ነጸብራቁ ከሰማዩ ስለሚደክም አይኤስኦውን ወደ 6400 ከፍ አደረግሁ። ጤዛው ግን አስቸገረ። የሐይቅ ዳር ሌንስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፈናል፤ ፎቶው ሲበላሽ የሚያውቅም የለም፤ ኮከቡ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ይቀራል። ሌንሱን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልዬ በየጥቂት ደቂቃው በቀይ መብራት እያየሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁት። አንዴ ከአውራ ጎዳናው የመጣ የመኪና ብርሃን የማዶውን ዛፎች ለአፍታ አበራቸው። ያ ፎቶ ከሁሉ የተሻለ ሆነ፤ ዛፎቹ አረንጓዴያቸውን አገኙ፣ ከዋክብቱም አልደበዘዙም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9፣ ባሕር ዳር

ደመና።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10፣ ባሕር ዳር

ስስ ደመናው አልተነሣም። ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ቀለሙን 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ አስተካከልኩ። ብዙ ሰው የሌሊት ሰማይን ወይን ጠጅ እስኪሆን ድረስ ቀለም ያፈስበታል፤ እኔ ይህን አልወደውም። የጮቄ ሰማይ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ወደ አድማሱ ትንሽ አረንጓዴነት አለው፤ እንዳየሁት እንዲቀር እፈልጋለሁ። አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው ላይ የሚመጣውን ነጠብጣብ ለመቀነስ የአንድ ቦታ አሥር ፎቶዎችን ሴኳተር በተባለ ፕሮግራም ደራረብኩ፤ ኮከቦቹን ያገጣጥማል፣ መሬቱን ለብቻው ይይዛል።

ከተወርዋሪዎቹ መካከል ተወርዋሪ ያልሆኑም አሉ። አለያየታቸው ቀላል ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ይታያል፤ ጫፍና ጫፉ ቀጥኖ መሐሉ ይወፍራል። ሳተላይት ከአንዱ ፎቶ ወደ ተከታዩ መስመሩን ይቀጥላል። አውሮፕላን ነጥብ ነጥብ እያለ ያልፋል። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ከመጠቀች ዛሬ ልክ ዓመቷ ነው፤ እነዚህን መስመሮች ሳይ እሷም ከላይ እንደምታልፍ አሰብኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ቤዛዊት

ደመናው ከሰዓት በኋላ ተገፈፈ። ዛሬ ጨለማ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ፕላኔቶች ደማቅ ናቸው፣ የከተማ መብራት አይሸፍናቸውም፤ የሚያስፈልገው ወደ ምዕራብ የተከፈተ ቦታ ነው። ዓባይን ቁልቁል ከሚያየው ቤዛዊት ኮረብታ ተዳፋት ላይ ቆምኩ። የመጥለቂያቸው ጊዜ አጭር ስለሆነ ፎከሱን ገና በብርሃን፣ ሩቅ ባለ ግንብ ጫፍ ላይ አስተካከልኩ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ጁፒተርና ሳተርን አንድ ኮከብ መስለው ታዩ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለት መሆናቸው ለየ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ ነው። እንዲህ ጎን ለጎን ይታዩ እንጂ ሳተርን ከጁፒተር ከ700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይርቃል። በ250 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ500ው ስሌት ከአንድ ሰከንድ ብዙም የሚበልጥ ጊዜ አይፈቅድም። በአይኤስኦ 1600 አንድ ሰከንድ ሳነሣ ጁፒተር ከመጠን በላይ ነጣ፤ ከጎኑ ግን ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው ጨረቃዎች በመስመር ተደርድረው ወጡ። ከዚያ አሳጥሬ አንድ ሃያኛ ሰከንድ አደረግሁት፤ ጨረቃዎቹ ጠፉ፣ ሳተርን ግን ሞላላ መሆኑ ታየ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማግኘት አይቻልም፤ ሁለት ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል።

ለእግር ጉዞ የወጡ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ስክሪኑን አሳዩት። «ይህን ያህል ተቀራርበው ዳግም መቼ ይታያሉ?» አሉኝ። «እ.ኤ.አ. በ2080» አልኳቸው። ልጁን አዩት፣ ጣታቸውን አጥፈው ዕድሜውን ቆጠሩ፣ «እሱ ያየዋል» አሉ።

2 ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ጠለቁ። ለሚቀጥለው ጉዞ ማስታወሻ ያዝኩ፦ የፍኖተ ሐሊብ፣ ሰማዩን እንደ ነጭ መንገድ የሚያቋርጠው የከዋክብት ጎርፍ፣ ደማቅ መሐል በታኅሣሥ አይታይም፤ ፀሐይ ያለችው በዚያው አቅጣጫ ነው። ምሽት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎጃም ደመና ውስጥ ናት። ስለዚህ ለእኛ ጊዜው ከክረምት በፊት ያለው የንጋት ሰማይ ነው። መጋቢት 4 ጨረቃ አትኖርም፤ የፍኖተ ሐሊብ መሐል ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ በደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲልም ከፍ ይላል። ለጮቄው አባወራ ልጅ ስልክ ደውዬ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተከፈተ ቦታ በቀን እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ከላይኛው ጅብራ አጠገብ ነው» አለኝ። የአባቱን ቤት ፎቶ ባሕር ዳር አሳትሜ ነገ ወደ ማርቆስ በሚሄደው አውቶቡስ እልክለታለሁ።